ልጆቹን የተነጠቀው አውራ ፍየል

ለተከበሩ የፍየል ዝርያ ማሻሻያ ጥናት ኃላፊ
ሞያሌ፣ ኬንያ፤ በፈረንጆች ግንቦት 2007

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ መኪናዎና የቢሮዎ ማራገቢያ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ካለመቻሌ በቀር ደህና ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ እርስዎም እንደኔ ከድንበሩ ማዶ ከኢትዮጵያ የመጡ ስለሆኑ ነው፤ ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁት ደግሞ ስድስት ጊዜ ተመላልሼ በርዎን ዝግ ስላገኘሁት ነው።

አንደኛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንደሬን የሄሉን ግልገሎች ሲወለዱ፣ ከዚያም በሦስትና በስድስት ወራቸው እየመዘንኩ እንድመዘግብ ስለቀጠሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የግልገል ዕድገት ምን ያህሉ ከአባቱ፣ ምን ያህሉ ከእናቱ ወተትና ከግጦሹ እንደሚመጣ በስሌት አውቀን የተሻለውን አውራ ለዘር እናስቀራለን ብለው ሲያስረዱን፣ ከልቤ አምኜ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ጎረቤቴ ሀቢባ የትኛው አውራ የትኛዋን ፍየል እንደሰረረ በዓይኗ አይታ፣ ፈጥነው ያደጉት ሠላሳ አንድ ግልገሎች የእርሷ አውራ የቡሬ ልጆች መሆናቸውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እርስዎ ግን «የአፍ ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ የአባት ረድፍ ባዶ ከሚቀር ፕሮጀክቱ ያመጣውን 17 ቁጥር አውራ ሙላበት» አሉኝ። ሞላሁ። የጻፈው የእኔ እጅ ነው፣ አልክድም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ደጋግሜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ስሌቱ ሲመጣ 17 ቁጥር አንደኛ ወጣ፤ አንድም ልጅ ያልተመዘገበለት ቡሬ ደግሞ ይኮላሽ ተባለ። ሀቢባ እኔን አምና፣ ስናኮላሸው ቀንዱን ራሷ ያዘችልን። የተመሰገነው አውራዎ ከአርባ ፍየሎቿ ጋር ከርሞ አንዲቷንም አላስረገዘም። የሚያዝያው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም በበረቷ አንድም ግልገል አልጮኸም፤ ለልጅ ልጆቿም ወተት አልነበረም።

ሄጄ ሁሉን ነገርኳት።

«የነገርኩህን አልሰማህም ነበር ነጋ?» አለችኝ።

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ጻፍክ?»

በማግስቱ አውራ ፍለጋ አብሬያት ወደ ጎዶማ ወረድኩ። ዱባ የሚባሉ ሽማግሌ ቀድሞ ከእርሷ የገዙትን የቡሬን ልጅ ያለ አንዳች ወረቀት አዋሷት። እየነዳሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ፍየሎቿ መሀል ነው፣ ሥራውንም ያውቃል።

እንግዲህ ስለ አርቆ አስተዋይነትዎ፣ ስለተሟላው መዝገብዎና ባዶ ስላልቀረው ረድፍዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የታዘዘውን ሁሉ ይጽፍ የነበረው፣ ዛሬ ግን ሥራውን የለቀቀው
ነጋ፣ ከሄሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሀቢባ አክብሮቷን ልካ አንድ ነገር እንድጠይቅላት አዝዛኛለች። የእርስዎን የአባት ስም ማን ነገረዎት? እናቴ ካሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ እሱም የአፍ ወሬ ነው።