ጥቁሩ ቦሎቄ የማን ነው

ሰኞ፣ ማርች 3

ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸውን አባባ ዎንግን አጠብኩ፣ የሩዝ ገንፏቸውን አበላሁ፣ ከዚያ ቦሎቄው። ልማዳቸው ነው። ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ቀናቸውን ይመረምራሉ፤ በጎ ለሠሩበት ነጭ፣ ላጠፉበት ጥቁር ቦሎቄ። ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ይዞታል። በቀኛቸው አንድ በአንድ ያነሳሉ፣ እኔ የሚጥሉበትን ጠርሙስ እይዝላቸዋለሁ። የጥንት ቻይና አዋቂዎች ራሳቸውን የሚያርሙት እንዲህ ነበር ይላሉ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ምን ኃጢአት አለው ብዬ ሳቅኩ። ልቤና ምላሴ አልተኙም አሉኝ።

ደብተሬ፣ እኔ ለራሴ ቦሎቄ መልቀም አፈርኩና አንቺን ያዝኩ። ቢያንስ አንቺን አልዋሽም።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ዳሌያቸው ላይ ቁስል። ሥጋው ተከፍቷል። ልጃቸው ግሬስ አይታ ፊቷ ጠቆረ። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ነበረባቸው። ማነው ያላገላበጠህ ብላ ጠየቀቻቸው፤ አላስታውስም አሉ። ባገላበጥን ቁጥር የምንፈርምበትን ቻርት አነሳች። የኔ ቀናት ሙሉ፣ ፊርማ በፊርማ። ቅዳሜና እሁድ በምትሠራው በትርሲት ቀናት ግን ሁለት ቦታ ክፍት ነው።

እውነቱን ላንቺ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ከምሳ በኋላ አላገላበጥኳቸውም። ወገቤን አሞኝ ነበር። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ሳይ ዋልኩ፣ ልወጣ ስል ፊርማውን ባንዴ ሞላሁት። ትርሲት ግን ያልሠራችውን አልፈረመችም። ጥፋቷ እሱ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 7

የቀጠረን ኤጀንሲ ትርሲትን አባረራት። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ። ከቸርች ወስጄ ሥራው ያስገባኋት እኔ። ኮል አድርጋልኝ አለቀሰች፤ እግዚአብሔር ያውቃል አለችኝ። አሜን አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አይ እኔ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ። የአስታማሚነት ሰርተፊኬቴን ቢነጥቁኝስ? በሃምሳ ዓመቴ ምን ልማር? እያልኩ ቀኑን ገፋሁ። አባባ ዛሬም ጥቁር አነሱ። ትናንትም ጥቁር ነበር። ምነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ማርች 10

ነርስ መጥታ የቁስሉን ፋሻ ቀይራ ሄደች። ጥልቅ ሆኗል፣ ሆስፒታል ሳያስፈልግ አይቀርም አለች። ከዚያ ቦሎቄ። ደግሞ ጥቁር። ዛሬ ጠየቅኳቸው። ለልጃቸው አላስታውስም ብለው ስለዋሹ ነው፤ እውነቱን እስኪነግሯት ድረስ በየቀኑ አንድ እንደሚያነሱ ነገሩኝ።

ያስታውሳሉ። ሶፋው ላይ መጋደሜን በተከፈተው በር ያዩኝ ነበር።

ለምን ዝም አሉ? ሰው ጥፋቱን በራሱ ሲያርም ነው የሚሻለው ብለው ጠበቁኝ። ግሬስ ትናንት የትርሲትን መባረር ነገረቻቸው። የኔ ትዕግሥት ያቺን ልጅ ጎዳት፣ ይሄም ጥፋት ነው አሉና ሌላ ጥቁር ጨመሩ። ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ወጥቼ አገላበጥኳቸው።

ማክሰኞ፣ ማርች 11፣ ጠዋት

አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ አባባ ያሉበት ሳን ሊያንድሮ ልንገባ ነው። ትርሲት ጋ ሁለቴ ደወልኩ፣ አታነሳም። እውነቷን ነው።

ግሬስ ሥራ የምትሄደው እኔ ስደርስ ነው። ኮቷን ሳትለብስ ቻርቱን እዘረጋለሁ፣ የውሸት ፊርማዎቼን በጣቴ አሳያታለሁ። ከዚያ እዚያው ፊቷ ለኤጀንሲው እደውላለሁ። ከነገ ጀምሮ አባባን ሌላ ሰው ያጥባቸዋል። ቁስሉ በዚህ አይድንም። ነጭ ቦሎቄ አይገባኝም፣ በጣም ዘግይቻለሁ። ዛሬ ግን በኔ ምክንያት ጥቁር አያነሱም።

መውረጃዬ ደረሰ።