ከቴፑ ጀርባ ያሉትን ምላጮች አውጣ

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። ይህን የጻፍሁት በግራ እጄ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሠኝ።

ዝናቡ ሲጀምር የመኪናህ መስኮት ክፍት እንደ ሆነ አየሁ። ቴፑን እንዳይሰርቁህ ነቅዬ ላስገባልህ ብዬ እጄን ከኋላው ብሰድድ፣ የሰካሃቸው ምላጮች እስከ አጥንቴ ገቡ። ሳላስፈቅድህ መንካቴን ይቅር በለኝ።

ትናንት «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሌባው ራሱ ጮኾ ይቀሰቅሰናል» ብለህ ስትስቅ፣ ደወል ያስገጠምህ መስሎኝ መርቄህ ነበር።

ምላጮቹን ዛሬውኑ አውጣቸው። በጓንት ይሁን። ነገ እናትህን በዚህች መኪና ልታመጣ ነው፤ እርስዋ ደግሞ መዝሙር ስትፈልግ የማትነካካው ነገር የለም።

ወንበሩ ላይ ያለው ደም የእኔ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ እጠበው።

የጀመርሁትን ዳዊት ሌላ ጸሐፊ ይጨርሰው። ሁለቱ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል፤ ብርዕ የምይዘው በእነርሱ ነበር።

ሌባም ቢሆን እኮ፣ ልጄ፣ የሚያማትብበት እጅ ያስፈልገዋል።

ወደ ሐኪም ቤት መሄዴ ነው። «ማን ነው የቆረጠዎት?» ቢሉኝ መዋሸት አልችልም፤ እንዳይጠይቁኝ ግን መንገዱን ሁሉ እጸልያለሁ።