ከወንዙ ማዶ ያለው ቡና

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

ብርዱን በሰባተኛ ዓመትህ እንኳ ለመድከው ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ትደርባለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ሰሞኑን የማኅበራችን መዝጋቢ መጥቶ ነበር። የውጭ ገዢዎች በቅርብ ዓመታት ጫካ ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ ቡና አንወስድም ስላሉ፣ የሁላችንንም ማሳ በስልክ ካርታ እያነሳ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ማሳ ከተገኘ የመንደሩ ጭነት በሙሉ ይመለሳል አሉ። ሰውየው ከወንዙ ማዶ ያለውን ቡና ሲያይ ቆም አለ። አባባ ሳይጠየቅ፣ "እሱማ የቆየ ነው! ትልቁ ልጄ ውጭ ሳይሄድ የተከለው" አለው። ሰውየውም ስልክ ቁጥርህን ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አባባ እህል አልቀምስ ብሏል። በማለዳ ዶማውን ይዞ ማዶ ይሻገርና ጉቶ ላይ አፈር ሲከምር ይውላል። እማማ "አንተ ሰውዬ፣ ጉቶ መቅበር ደግሞ ከማን ተማርክ?" ብትለው፣ "እንቅፋት እንዳይመታሽ ብዬ ነው" አላት። እሷም አልሳቀች፣ እሱም አልሳቀ።

ቡናው ለምልሟል፤ ጉልበቴ ጋ ደርሷል። ሰኞ ይደወልልሃል። ተክለኸው የሄድከው ቡና ትዝ ይልሃል አይደል፣ ወንድም ጋሼ?

አባባና እማማ በናፍቆት ይስሙሃል።

እባክህ ትዝ ይበልህ የምትልህ፣
ታናሽ እህትህ