ማ አቃን የሚባል ቅጠል

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ባስልዮስ፣

ትናንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ባልደረባዬ ሃኒ ቤተ ሙከራ ገብታ «እንኳን ደስ አለሽ! የባልሽ ጥናት ታተመ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። አይጦቹ የእኔ ነበሩ። የቁስላቸውን ዙሪያ በየሁለት ቀኑ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ላይ እየነደፍኩ የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከቅጠሉ ጨምቄ በሠራሁት ቅባት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሲሽር ያየሁትም እኔ። ስሙ ግን ያንተ ብቻ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ አለሁ፦ «ለታጋሿ ባለቤቴ»።

ደብተሬን ይዘህ ወደ ህንድ ስትሄድ «ስትናፍቂኝ ጽሑፍሽን አያለሁ» ብለኸኝ ነበር። አመንኩህ።

የቅጠሉን የአካባቢ ስም «ማ አቃን» ብለህ ጽፈሃል። ሶማሊኛ አትሰማም። ቱሊ ጉሌድ ከተማ ቁስል የሚያክሙትን፣ ሁሉም ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸውን ሱዕዲን መጀመሪያ ቀን ስሙን ስጠይቃቸው «ማ አቃን» አሉኝ፤ «አላውቅም» ማለታቸው ነው። እያወቁ! ላላመኑት ሰው እንደዚያ ነው የሚመልሱት። ቤት ስገባ ላስቅህ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ልነግርህ ግን ረሳሁ። ከስምንት ወር በኋላ እውነተኛውን ስም በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። እሱን ለማንም ላልናገር ቃል ገባሁ፤ የትም አልጻፍኩትም።

ዛሬ ጥናትህን በወረቀት አትሜ ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ያ ሰውዬሽ ለዓለም ሁሉ አላውቅም ብሎ ፈረመ?»

«አዎ፣ ኤዶ።»

«የኔስ ስም የቱ ጋ ነው?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ሳቃቸው ቆመ። እጄን ስበው፣ በፈላ ውኃ የተቃጠልኩበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እሳቸው ያዳኑት፣ አንተ ትስመው የነበረው ቦታ ነው። ጠባሳ እንኳ የለውም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቁስል እስኪሽር ስጠብቅ ከርሜ፣ አንተ እኔን ሻርከኝ።

ለመጽሔቱ አዘጋጆች ጽፌያለሁ። ቀንና ፊርማዬ ያለባቸው ላስቲኮች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። «ማ አቃን» ማለት ምን እንደሆነም አስረድቻለሁ፤ ሶማሊኛ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። የኤዶ ሱዕዲ ስም ከእኔም ከአንተም በፊት እንዲገባ ጠይቄያለሁ።

በሰው አገር እግዚአብሔር ይጠብቅህ። የጨጓራ መድኃኒትህን ከምግብ በፊት ውሰድ፤ አንተ ትረሳለህ።

ታጋሽ መባልን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

አይዳ ቀለምወርቅ