ያለ ጋሽ ሙላቴ የማይከፈተው የክርስትናሽ ማስረጃ

ይድረስ ለእህቴ ለመስከረም ይርዳው፤ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሙቀቱ አላጠወለገሽም? እጮኛሽስ እንደ ፎቶው ነው ወይስ ፎቶው አሳምሮት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ብርዱ ግን ጥርሳችንን እያንገጫገጨው ነው።

የሐዋሳው ደብር ቄስ ያለ ክርስትና ማስረጃ ተክሊል አላደርስም ካሉሽ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። መዝገቡ ስካን ተደርጎ በደብራችን ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳይነበብ ዲስኩ በፓስወርድ ተቆልፏል። ፓስወርዱን አባባ ያውቁታል፤ የሰበካው ጸሐፊ ናቸዋ! ሲጽፉት ግን ማሽኑ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አምጡ ይላል። የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ደግሞ ጋሽ ሙላቴ ናቸው፤ ይፋግ አማቾቻቸው ዘንድ ከርመዋል።

እኔ ሰውዬውን እጠረጥራለሁ። መለመን ጥሟቸዋል። ተራ ተጠቃሚም ዲስኩን እንዲከፍት አንዴ ፈቅዶ መተው ይቻላል ብዬ ብደውልላቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ ማን ነው የላከሽ?" አሉኝ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ ባንተአምላክማ ባሱ። "ዕቃ ቤታችን በሦስት ሰው ቁልፍ ነው የሚከፈት። ይኸን ለመንገደኛ ሁሉ ልትከፍችው ነው? የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ፤ አባባ አጠገባቸው ቆመው! ፓስወርድ የሌለው አሁንም አይከፍትም፤ ያለው ግን ጋሽ ሙላቴን ሳይጠብቅ ይከፍታል፤ ቁልፉን ከዲስኩ ጨርሶ ማንሳት የአስተዳዳሪው ብቻ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጢማቸውን አሻሽተው "ታዲያ ሦስተኛው ቁልፍ የታል?" አሉ።

ተክሊሉ ለጥር መሆኑን ሲሰሙ ግን ራሳቸው ደውለው፣ እስከ ሐሙስ ካልመጣህ ግዝት ነው አሏቸው። ጋሽ ሙላቴ ረቡዕ ከች! ሁለት ሳምንት የለመንነው ፈቃድ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አባባ ሊከፍቱ ሲቀመጡ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ አሉኝ። ዞርኩ። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ ጻፉት! ቄሰ ገበዙም ከደጅ "የመጨረሻዋ ማን ነበረች?" ይላሉ። ተከፈተ። ማስረጃሽ ማኅተም ተመትቶበት ከዚህ ጋር ታሽጓል፤ ስምሽን አይተሽ ተቀበይ።

ፓስወርዱን ይቀይሩ ብላቸው አባባ "ሰምተሻል ማለት ነው?" ብለው ከዚያ ወዲህ በጎሪጥ ያዩኛል። ባንቺ ምክንያት በገዛ ቤቴ ተጠርጣሪ ሆኛለሁና የሠርግ ጫማዬን አደራ፤ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው።

እማማ ስመውሻል፤ አባባ ግንባርሽን ይስማሉ፤ ትንሿ ሠናይት ሙሽራ መች ነው የምትመጣ ትላለች። ለእጮኛሽም ሰላም በይልኝ፤ ገና ባላምነውም።

እህትሽ ፋሲካ ይርዳው
ደብረ ታቦር፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.