እድሩ የወሰደው የሞተር አፍ

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ዛሬ ግን ሳልነግርህ ማደር የማልችለው ነገር አለ።

ቤታችን ደህና ነው። ሐና አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። የገላን አውቶቡስ ሰልፍ ያው እንደምታውቀው ነው። በረንዳችን ላይ ግን አሁን ልብስ ታጥቦ ይሰጣል። አንተ እያለህ በዚያ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ማን ደፍሮ! ለመሥሪያ ቤትህ የምትሠራውን፣ የጄት ሞተር መሸፈኛ የእንጨት ሞዴል፣ አፉን በብርጭቆ ወረቀት ስታለሳልስ ትውል ነበር። ጠርዙ ከሾለ አየሩ ከላዩ ይላቀቅና ሞተሩን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከወፈረም አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል እያልክ እጄን ይዘህ በኩርባው ላይ ታሳልፈው ነበር። ሌላው ሚስቱን ሶደሬ ይወስዳል፣ አንተ እንጨት ታስዳስሰኛለህ እያልኩ እስቅብህ ነበር።

ያ ሞዴል ጠፍቶ ነበር፣ ጌትዬ። ዕቃህን ለመንካት አቅም አጥቼ ስለከረምኩ መጥፋቱን እንኳ አላወቅኩም። የሥራ ባልደረባህ ሰላማዊት ሞዴሉ በነፋስ የሚሞከርበት ቀን ተቆርጧል ብላ ስትመጣ፣ ቤቱን ገለባብጠን አጣነው። የመጨረሻውን ኩርባ ያወጣኸው በእጅህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የድሮው ነው። ካልተገኘ የስንት ዓመት ልፋትህ መና ሊቀር ነው። ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ።

የት የተገኘ ይመስልሃል? ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ እጄን ልታጠብ ጎንበስ ስል፣ ሐና ያኔ ሞዴልህ ጎን ላይ በቀይ እርሳስ የሳለችው አበባ ፊቴ ድቅን አለ። የእድሩ የውሃ በርሜል ሞዴልህ ላይ ተቀምጧል! ለካ ቤቱ ለለቅሶህ ሲለቀቅ ደረጃ ስር አውጥተውት፣ ድንኳኑ ሲነሳ የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ለማ የበርሜል ማስቀመጫ መስሏቸው ከወንበሩ ጋር ጭነውታል። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጋሽ ለማ በርሜሉ እንዳይጫጫር ብለው የሞዴሉን አፍ በጆንያ ጠቅልለውት ኖሯል። ኩርባህ አንድም ጭረት አልነካውም።

ሞዴሉን ለሰላማዊት አስረከብኳት፤ ትናንት ከሙከራው ደወለችልኝ። አየሩ ሳይላቀቅ ኩርባውን ተከትሎ ገባ፤ ሥራው በአንተ ቅርጽ ይቀጥላል አለችኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

ጋሽ ለማ ግን በሞዴልህ ምትክ ባመጡት ማስቀመጫ ላይ በርሜሉ ይወዛወዛል ብለው ሲያጉረመርሙ ከረሙ። ስለዚህ የሰፈራችን አናጢ በሞዴልህ ልክ አንድ ሠራላቸው፤ ሐናም አበባዋን ሳለችበት። ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ እጁን የሚታጠበው አንተ ባወጣኸው ቅርጽ ላይ ከተቀመጠ በርሜል ነው። ማን እንዳወጣው አያውቅም። እኔ ግን በታጠብኩ ቁጥር እርጥብ እጄን በኩርባው ላይ አሳልፋለሁ፣ እንዳሳየኸኝ ቀስ አድርጌ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ቃሌ ነው።

ያንተው አልማዝ