ዘጠና አራት ነጥብ ያመጣው የጠርሙስ ጽሑፍ

ለተከበሩ የማስታወቂያና ሽያጭ ዘርፍ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለዕለት ተዕለት የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚጠቅሙ ዲጂታል መሣሪያዎችን ስላሟሉልን ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ትንፋሽዎም ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሳይቆራረጥ የሚያደርስዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ትንፋሽን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ጥቂት ቢታገሡኝ እደርስበታለሁ።

እኔ በሚመሩት ዘርፍ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛ በሆነው ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩ ጽሑፍ አዘጋጅ ነኝ። በፈሳሽ ሳሙናው፣ በበረኪናውና በሽንት ቤት ማጽጃው ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ በጸሐፊዎ በኩል አንድ ወረቀት ልከው እስከ ዓርብ ፈርሜ እንድመልስ አዘዋል። ወረቀቱ የሚለው ባጭሩ፣ የፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ ጉዳት የደረሰባት በጠርሙሱ ላይ በግልጽ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ችላ በማለቷ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ለሕክምናዋ ኃላፊነት እንደማይወስድ፣ እሷም ከሥራ እንደምትሰናበት፣ የጽሑፉ አዘጋጅ የሆንኩት እኔም ማስጠንቀቂያው መጻፉን እንደማረጋግጥ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ መልሴ ይኸው። በግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩትም ለድፍረት ብዬ ሳይሆን፣ ለእርስዎ የሚላከውን የሚቀበለው አዲሱ መልስ ሰጪ መተግበሪያ ሦስት ጊዜ ጽፌለት ሦስቱንም ጊዜ «ሐሳብዎ ለእኛ ውድ ነው፤ መልካም ቀን!» ብሎ ስለሸኘኝ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ከመዘርዘሬ በፊት፣ እርስዎ ሳይመጡ በምን ዓይነት ጨለማ ውስጥ እንደኖርን ላስታውስዎ። ያኔ የነበረን መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በኤሌክትሪክ አይሠራም። ጡረታ የወጡት ጋሼ አራሚ፣ ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመውረዱ በፊት ፎቃችንን ለሚያጸዱት እናት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ደንብ አውጥተው ነበር። እናትየዋም መወልወያቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ወይ «ገባኝ» ወይ «አልገባኝም» ይላሉ። «አልገባኝም» ካሉ ይግባኝ የለም፤ ወረቀታችንን ይዘን ወደ ጠረጴዛችን መመለስ ነው። በዚህ የተነሣ ስማቸው ተረስቶ «እትዬ አልገባኝም» ተባሉ፤ ሲጠሩበትም ይስቃሉ። አንድ ጊዜ በሳሙናው ላይ «መጠነኛ ያህል ይጨምሩ» ብዬ ብጽፍ፣ «መጠነኛ በማን እጅ ነው ልጄ? በእኔ ነው ወይስ በጎረቤቴ?» ብለው «በክዳኑ አንድ ሙሉ» እስክል ድረስ አራት ጊዜ መልሰውኛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደሳቸው ያናደደኝ ሰው የለም፤ እንደሳቸው ያስተማረኝም የለም።

ከዚህ ኋላ ቀርነት እርስዎ አወጡን። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ቃል ቆጣሪውን ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ጽሑፍ ከአርባ ቃል ካለፈ ይጮኻል፤ ደንበኛ ሥራ የሚበዛበት ፍጡር ነውና። በእሱ ምክር «ከሕፃናት እጅ ያርቁ» የሚለው ከጠርሙሱ ሥር፣ ሰው ገልብጦ ካላየው ከማይታይበት ቦታ ሄደ። የምርቱ ሽታ እንዴት ደስ እንደሚል የሚናገሩት አሥራ ሁለት ቃላት ግን ከፊት ለፊት ተንደላቀው ተቀመጡ።

ሁለተኛ፣ አርእስት መዛኙን። ይህ መሣሪያ «አስደናቂ» የምትለዋን ቃል ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ጠባዩን ላጠና ብዬ አንድ ቀን ለመጸዳጃ ቤታችን በር «አስደናቂ! አስደናቂውን ውኃ አሁኑኑ ይልቀቁ!» ብዬ ባስገባለት ዘጠና ሰባት ሰጠኝ። ተማሪ ቤት ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛ፣ ስሜት መለኪያውን። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚረዝም ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

አዲሱ የሽንት ቤት ማጽጃ ሲወጣ፣ ቤተ ሙከራው በላከልን ማስታወሻ መሠረት እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «ከበረኪና ጋር አይቀላቅሉ። ከተቀላቀለ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል።» መለኪያው ቀይ በቀይ ሆነ፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ። ማቃጠልና መግደል የደንበኛን ስሜት ይጎዳሉ አለ። የእርስዎ መመሪያ ደግሞ ከዘጠና በታች ያገኘ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ አይወርድም ይላል። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ለመንኩ፤ ማሳመን የሚጠበቅብኝ መሣሪያውን እንጂ እርስዎን እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱኝ። እንግዲያስ ለእትዬ ላንብበው ብል፣ ለጽዳት ሠራተኛ ጽሑፍ ማንበብ የሁለት ሰው የሥራ ሰዓት ማባከን እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወሻ በማግሥቱ ከሰሌዳው ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። ስለዚህ መሣሪያው የሚመክረኝን እሺ አልኩ። መጀመሪያ «ለተሻለ ውጤት ብቻውን ይጠቀሙበት» ሆነ፤ ሰባ አንድ። ቀጥሎ «ብቻውን ይበቃል!» ሆነ፤ ዘጠና አራት። አረንጓዴው በራ፤ እኔም «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ይህን ያደረገው መሣሪያው ነው ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ አልከራከርም፤ የነካው ጣት የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጣት ሳየው ያስጠላኛል።

አራተኛ፣ በዲጂታል መሣሪያነት ባይመዘገብም፣ ጽሑፉን ከመውደድዎ የተነሣ በሕንፃችን ፊት ላይ ከአራተኛ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ያሰቀሉትን ሸራ አመሰግናለሁ። «ብቻውን ይበቃል!» የሚለው ከመንገዱ ማዶ እንኳ በደንብ ይነበባል። ከውስጥ ግን የሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት መስኮት በሸራው ተሸፍኖ ከአንድ እጅ ስፋት በላይ አይከፈትም።

ትልልቅ ገዢዎች ሊጎበኙን የመጡ ዕለት፣ እርስዎ ራስዎ ጠዋት በኮሪደሩ ሲያልፉ እትዬን አስቁመው፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ያለው የቆየ ነጠብጣብ እንግዶቹ ሳይደርሱ እንዲጠፋ አዘዙ። እትዬም አዲሱን ማጽጃ አፈሰሱበት፤ ነጠብጣቡ ንቅንቅ አላለም። በጉልበታቸው ተንበርክከው ፈተጉት፤ አሁንም አለ። ከዚያ በረኪናውን ጨመሩ። እኔ ሳሉን ስሰማ ከመስኮቱ ሁለተኛ የሆነው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ለእንግዶቹ የሚታደል ወረቀት አርእስት እያስመዘንኩ ነበር። ስደርስ እትዬ ግማሽ አካላቸው ከበሩ ውጪ፣ ግማሹ ከውስጥ፣ መወልወያውን እንደጨበጡ ወድቀው ነበር። ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከሾፌሩ ጋር ተሸክመን በኋላ ደረጃ አወረድናቸው፤ በፊተኛው በኩል እንግዶች ይወጡ ስለነበር ጥበቃው በዚያ አላሳልፍም አለን። የእንግዶቹ ጉብኝት ሳይስተጓጎል በመጠናቀቁ እንኳን ደስ ያለዎ።

አምስተኛ፣ ራሱ የሚጽፈውን መተግበሪያ አመሰግናለሁ። እንድፈርም የላኩልኝን ወረቀት የጻፈው እሱ መሆኑን ሰው አልነገረኝም፤ ከግርጌው ሳይሰርዙት የቀረው ነጥብ ነገረኝ፦ ዘጠና ስድስት። እውነትም ወረቀቱ እንከን አይወጣለትም። አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም። የጎደለው እውነት ብቻ ሲሆን፣ ለእሱ መለኪያ ገና አልገዙልንም።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ቤት ሄጄ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝተው ከሐኪም ቤት ወጥተዋል፤ ልጃቸው በትራስ ደግፋ አስቀምጣቸዋለች። ሁለት ቃል ይናገሩና ያርፋሉ። ድምፃቸው የሰው ድምፅ አይመስልም፤ ሐኪሞቹም ደረጃ መውጣት ወደፊትም እንደሚከብዳቸው ነግረዋቸዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝና «ብቻውን የሚበቃ ከሆነ፣ በረኪና ሲታከልበትማ ድራሹን ያጠፋዋል ብዬ እኮ ነው» አሉኝ፤ እንደ ጥፋተኛ። ቀጥለውም፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «ይሄኛውን አላነበባችሁልኝም» አሉኝ። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

እንግዲህ ወረቀትዎን ሳልፈርም ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። በምትኩ በእጄ ጽፌ የፈረምኩት ይህ ነው፦ በጠርሙሱ ላይ ከበረኪና ጋር እንዳይቀላቀል የሚል ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ጽፌው ነበር፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዲወጣ ያደረገው የእርስዎ መመሪያ ነው። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ያገኘው የመጀመሪያው ጽሑፍ፣ ከነቀኑና ከነቀይ ምልክቱ፣ አብሮ ተያይዟል። መሣሪያዎ ምንም ነገር አይረሳም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። በየሱቁና በየሰው መጸዳጃ ቤት ያሉት ጠርሙሶች ዛሬውኑ እንዲሰበሰቡ፣ የእትዬ ሕክምና በመሥሪያ ቤቱ እንዲሸፈን፣ ሲሻላቸውም ደረጃ በሌለበት ቦታ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። እኔን በተመለከተ የስንብት ደብዳቤዬን በአራት ሰከንድ ማስጻፍ ስለሚችሉ ብዙ አላደክምዎትም።

ለሰጡኝ አረንጓዴ መብራቶች ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ መስኮትዎም ሁልጊዜ እስከ ዳር እንዲከፈት እየተመኘሁ፣

ከመስኮቱ ሁለተኛ ከሆነው ጠረጴዛ
ጽሑፍ አዘጋጁ

ግልባጭ፦
ለቤተ ሙከራው
ለፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ፣ በቃል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መመሪያዎን አክብሬ ይህን ደብዳቤ በስሜት መለኪያው አሳልፌዋለሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ አገኘ፤ አንባቢዬ ቅር ሊሰኝ ስለሚችል ሳንባ የሚለውን ቃል አውጥቼ «አስደናቂ» እንድጨምር መክሮኛል። ከዚያ የድሮውን ደንብ አክብሬ ወደ እትዬ ቤት ወሰድኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ ሁለቱንም እዚያው አስተካከልኩ። ስጨርስ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ገባኝ» አሉ። እርስዎም ካልገባዎት ያለ ሐፍረት ይመልሱልኝ፤ ደንባችን እንደሚያዘው፣ እስኪገባዎት ድረስ እየደጋገምኩ እጽፈዋለሁ።